«በጣም ሰፊ ነው» ተባልኩ፤ ከምኑ ልቀንስ?

ለተከበሩ የዓምዱ አማካሪ፦

ለሁለተኛ ዲግሪ ውጭ አገር ከመጣሁ ስምንተኛ ወሬ ነው። ለአንድ ኮርስ ሰዎችን ቃለ መጠይቅ አድርገን አነስተኛ ጥናት እንድንሠራና 4,000 ቃል ያህል እንድንጽፍ ታዘናል። የተሰጠን ጊዜ 10 ሳምንት ነበር፤ ሦስቱን ርዕስ ሳነሳ ስጥል ጨረስኩት። መጀመሪያ «የስደተኞች የአእምሮ ጤና» ብዬ ላክሁ። አድቫይዘሬ «በጣም ሰፊ ነው» ብለው መለሱልኝ። «የውጭ አገር ሴት ተማሪዎች የአእምሮ ጤና» ብዬ አጠበብኩት፤ «አሁንም ሰፊ ነው፤ ከባድም ነው» አሉኝ። አብሮኝ የሚማር አንድ ልጅ ደግሞ «ተማሪዎች ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መቀመጫ እንዴት ይመርጣሉ?» የሚል ርዕስ አቅርቦ በማግስቱ ጸደቀለት። ስሰማ ሳቅሁ። አሁን እሱ ሰው ማነጋገር ጀምሯል፤ እኔ ርዕስ እንኳ የለኝም።

እውነቱን ልንገርዎትና ይህን ርዕስ የሙጥኝ ያልኩት በምክንያት ነው። ባለፈው ሴሚስተር የዶርም ጓደኛዬ ቀስ በቀስ ከክፍል መቅረት ጀመረች። መጋረጃ አትከፍትም፣ ስልክ አታነሳም። እኔም «ደክሟት ነው» እያልኩ አለፍኩት። ሁለት ወረቀት ሳታስረክብ ቀረች፤ በመጨረሻ ትምህርቱን አቋርጣ ሄደች። ለመምህሯ አንድ ኢሜይል ብትጽፍ ኖሮ ቀን ይራዘምላት እንደነበር የሰማሁት ከሄደች በኋላ ነው። ስለ ሌላ ነገር ብሠራ የከዳኋት ይመስለኛል።

ሌላም አለ። የአገሬ ልጆች እዚህ ከ20 አይበልጡም፤ ሁሉም ይተዋወቃል። ማን ገበናውን ይነግረኛል? ከሌሎቹ ጋር እንዳልሠራ ደግሞ ስደነግጥ ቋንቋው አፌ ላይ ይተሳሰርብኛል። ጓደኞቼ «ቀላል ነገር ያዢና ተገላገዪ» ይሉኛል። እርስዎ ምን ይመክሩኛል?

ርዕስ ያጣች ተማሪ

* * *

ውድ እህቴ፣

ርዕስሽ ደብዳቤሽ ውስጥ አለ። «ለመምህሯ አንድ ኢሜይል ብትጽፍ ኖሮ» ያልሽበት ቦታ ላይ ተቀምጧል። እንደ ጸጸት ጻፍሽው እንጂ እንደ ጥያቄ አላየሽውም። እመለስበታለሁ፤ መጀመሪያ ግን ከዚያ ልጅ ወንበር ጋር እንታረቅ።

የሱ ርዕስ የጸደቀው ቀላል ስለሆነ አይደለም። ማንኛውም ተማሪ ትናንት የት እንደተቀመጠ፣ በሩ አጠገብ ያለውን ባዶ ወንበር ለምን እንዳለፈው፣ ማን ሲመጣ እንደተነሳ ያስታውሳል። ተጠያቂው መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው። «የአእምሮ ጤና» ግን ሰው በ40 ደቂቃ ከትዝታው ጨልፎ የሚሰጥሽ ነገር አይደለም። ስትጠይቂው የሚሰጥሽ አስተያየት ነው፤ «አዎ፣ ከባድ ነው፤ ብቸኝነት አለ» ይልሻል። ስድስት ሰው አነጋግረሽ ስድስት ጊዜ «ብቸኝነት አለ» የሚል ይዘሽ ትመለሻለሽ፤ ያንን ደግሞ ሳትጠይቂም ታውቂው ነበር።

አንቺ «ሴት» እና «ተማሪ» የሚሉትን ቃላት ስትጨምሪ ያጠበብሽው ሰዎቹን ነው። ጥያቄው እንደነበረ አለ። ርዕስ ሰፊ ነው የተባለ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቅጽል መደርደር ይጀምራል፦ የመጀመሪያ ዓመት፣ ያላገቡ፣ ከቤተሰብ የራቁ። ቅጽሉን ተይውና ግሥ ፈልጊ። እነዚህ ሰዎች ምን ሲያደርጉ ነው ልትጠይቂያቸው የፈለግሽው? መፈተኛውም ቀላል ነው። «ለመጨረሻ ጊዜ እንዲህ ያደረግህበትን ቀን ንገረኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር ጻፊና «እንዲህ ያደረግህበትን» ያልሽው ቦታ ላይ ርዕስሽን አስገቢው። «የአእምሮ ጤና» አይገባም። «የማስረከቢያ ቀን እንዲራዘምልህ የጠየቅህበትን» ብትይ ግን ይገባል። መነሻ አለው፣ መድረሻ አለው፤ መሐል ላይ አንድ ሰው ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብሎ ኢሜይሉን እየጻፈ ይሰርዛል።

አሁን ወደ ጓደኛሽ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራስሽ መልሺው። ይህን ጥናት ስትጨርሺ ማወቅ የምትፈልጊው ምንድን ነው? ሰዎች እንዴት እንደሚታመሙ ነው? ወይስ አንድ ሰው እየሰመጠ «እርዱኝ» ሳይል የሚቀረው እንዴት እንደሆነ? ደብዳቤሽ ሁለተኛውን የሚል ይመስለኛል። እንዲያ ከሆነ ጥያቄሽ ስለ በሽታ አይደለም፤ እርዳታ ስለ መጠየቅ ነው። ከጓደኛሽ አልራቅሽም፤ እንዲያውም ከበፊቱ ቀርበሻል።

ከዚህ በመነሳት ሦስት መንገድ ይታየኛል።

የመጀመሪያው የያዝሽውን ርዕስ ይዘሽ መሟገት ነው። አልመክርሽም፤ ምክንያቱ ደግሞ ድፍረት ማጣት አይደለም። ለኮርስ ተብለው የሚሠሩ ትንንሽ ጥናቶች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት መምህሩ ለክፍሉ በሙሉ አስቀድመው በተቀበሉት የጅምላ ፈቃድ ነው። ያ ፈቃድ አብዛኛውን ጊዜ የሕመም ታሪክን፣ ለጉዳት የተጋለጡ ሰዎችንና የመሳሰሉትን አያካትትም። እነሱን ከነካሽ ለብቻሽ ለዩኒቨርሲቲው የጥናት ሥነ ምግባር ኮሚቴ ማመልከት ይኖርብሻል፤ ኮሚቴ ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል፤ ማሻሻያ ከጠየቀሽም ሌላ ሳምንታት። ያለሽ ሰባት ነው። አድቫይዘርሽ «ከባድ ነው» ያሉትም ምናልባት ይህን አስበው ይሆናል። ርዕሱን ለመመረቂያ ጽሑፍሽ አስቀምጪው፤ እዚያ ጊዜም አለሽ፣ ፈቃድም ማውጣት ትችያለሽ።

ሁለተኛው «አብሮት የሚማር ሰው መቅረት ሲጀምር ሌላው ተማሪ እንዴት ያውቃል፣ ምን ያደርጋል?» የሚል ነው። ቆንጆ ጥያቄ ነው፤ ያንቺን ቦታ ነው የሚጠይቀው። ሁለት ነገር ግን ያስፈራኛል። ተጠያቂዎችሽ የሚነግሩሽ ስለ ሌላ ሰው ነው፤ ያ ሌላ ሰው ታሪኩ ወረቀት ላይ እንዲወጣ አልፈቀደም። ሁለተኛው አንቺው ነሽ። አንድ ተማሪ ፊት ለፊትሽ ተቀምጦ «ደክሟት ነው ብዬ አለፍኩት» ቢልሽ ቀጣዩን ጥያቄ ለመጠየቅ ድምፅ ይኖርሻል? ምናልባት ይኖርሽ ይሆናል። ግን ገና ጥቂት ወራት ነው፤ ቁስሉ ሳይጠገግ መነካካቱን አልወደድኩልሽም።

ሦስተኛው፣ እኔ የምመርጥልሽ፣ ይህ ነው፦ «የውጭ አገር ተማሪዎች የማስረከቢያ ቀን እንዲራዘምላቸው ለመጠየቅ ወይም ላለመጠየቅ እንዴት ይወስናሉ?» ስትሰሚው ትንሽ ነው፤ ምናልባትም እንደ ወንበሩ ያስቅሽ ይሆናል። ግን ውስጡን እዪው። መጠየቅ እንደሚቻል ማን ነገራቸው? «ሰነፍ» እንዳይባሉ ፈርተው ነበር? ምን ዓይነት ምክንያት «በቂ» ይመስላቸዋል፤ ሕመም? ሐዘን? ድካምስ? ኢሜይሉን ለማን አሳዩት? መልሱ እስኪመጣ እንዴት አደሩ? ሰው ሕመሙን እንዲነግርሽ አትጠይቂውም፤ ራሱ ካነሳው ግን ትሰሚዋለሽ። ጓደኛሽ ያልጻፈችው ኢሜይል እዚህ ውስጥ አለ፤ ስሟ ግን የለም።

ስሟን ካነሳሁ አይቀር፣ የሷን ታሪክ መግቢያው ላይ «አንዲት ተማሪ» ብለሽም ቢሆን አትጻፊው። 20 ሰው ባለበት ማኅበር ውስጥ «አንዲት ተማሪ» ማን እንደሆነች ሁሉም ያውቃል።

ይህ ደግሞ ወደ ሁለተኛው ፍርሃትሽ ይወስደናል። የአገርሽን ልጆች ብቻ እንድታነጋግሪ ማን አዘዘሽ? የጥናቱ ጥያቄ የአንድ አገር ሰዎችን የሚመለከት ካልሆነ በቀር ከተለያየ አገር የመጡትን ቀላቅለሽ መያዝ ይሻልሻል። ስም መቀየር ብቻውን ሰው አይደብቅም። ሰውን የሚያጋልጠው የዝርዝሮቹ መገጣጠም ነው፤ አገሩ፣ ዲፓርትመንቱና የገባበት ዓመት አንድ ላይ ከተጻፉ ስሙ ባይኖርም ፊቱ ይታያል። ስለዚህ አገርንና ዲፓርትመንትን አውጪያቸው፤ «ተጠያቂ 3፣ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ፣ የመጀመሪያ ዓመት» ይበቃል። የአገርሽ ልጆች ከገቡም በአማርኛ የተደረገውን ንግግር ከጻፍሽ በኋላ ቢያንስ የምትጠቅሺውን መተርጎም ስለሚኖርብሽ ድካሙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። አንድ ሁለት ሰው በአማርኛ ብታነጋግሪ ይበቃሻል።

የቅርብ ጓደኞችሽንም ተያቸው። በጭቅጭቅ ሳይሆን በፍቅር ያበላሹብሻል። የሚያውቅሽ ሰው «አንቺው ታውቂው የለ» ብሎ ዋናውን ይዘለዋል፤ አንቺም በይሉኝታ «ንገረኝ እንጂ» አትይም። የሚሻለው የጓደኛ ጓደኛ ነው፤ ለማመን የሚቀርብ፣ ለማስረዳት የሚርቅ። የምታስጠኚው ወይም ውለታ ያለብሽ ሰው ካለ እሱም ይቅር፤ እምቢ ለማለት አይመቸውም።

ስንት ሰው? ስድስት። አነሰ እንዳትዪ ሒሳቡን አብረን እናስላው። ስድስት ሰው በ40 ደቂቃ አራት ሰዓት ድምፅ ነው። አንድ ሰዓት ድምፅ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ለለመደ ሰው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይወስዳል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያውም በሁለተኛ ቋንቋ ለሚገለብጥ ከዚያም ይበልጣል። 30 ሰዓት ያዢለት። የ40 ደቂቃ ንግግር ሲገለበጥ 5,000 ቃል ያህል ስለሚሆን በእጅሽ 30,000 ቃል ሊኖር ነው። የምታስረክቢው 4,000 ነው። አሁን «15 ሰው ላነጋግር» ማለት ምን እንደሆነ ይታይሻል፤ አንብበሽ የማትጨርሺውን ነገር መሰብሰብ ነው።

ስለ ቁጥር አንድ የታወቀ ጥናት ይጠቀሳል። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ ሲሆን በሁለት የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ከሴቶች ጋር የተደረጉ 60 ቃለ መጠይቆችን መርምሮ፣ ከ12ኛው በኋላ አዲስ ነገር እምብዛም እንዳልመጣ፣ ዋና ዋናዎቹ ጭብጦች ደግሞ በስድስተኛው አካባቢ መታየት እንደጀመሩ አሳይቷል። ብዙ ተማሪ ይህን ይዞ «ስድስት ሰው ስላነጋገርኩ መረጃው ሞልቷል»፣ ማለትም ሌላ ሰው ቢጨመር አዲስ ነገር አይመጣም፣ ብሎ ይጽፋል። አንቺ እንዳትጽፊው። እነዚያ ሰዎች እርስ በርስ የሚመሳሰሉ ነበሩ፣ ጥያቄውም ጠባብ ነበር። አንቺ የምትይው «ስድስት ተማሪዎች ውሳኔያቸውን እንዴት እንደተረኩት አሳያለሁ፤ ስለ ሁሉም ተማሪ አልናገርም» ነው። ይህን በግልጽ መጻፍ ውጤት ያስጨምር እንደሆነ እንጂ አያስቀንስም።

ስድስት ለማግኘት ግን ለዘጠኝ ወይም ለአሥር ሰው ተናገሪ። የፈተና ሰሞን ከሆነ ሰው እሺ ብሎ ይቀራል፤ ጠልቶሽ አይደለም። ከስድስቱ ቢያንስ ሁለቱ ማራዘሚያ ሳይጠይቁ የቀሩ እንዲሆኑ ጣሪ። የጠየቁት ቶሎ ይገኛሉ፣ ያልጠየቁት ግን ራሳቸውን እንደ ተጠያቂ አያዩም፤ «እኔ እኮ ምንም አላደረግሁም» ይሉሻል። ጥናትሽ ክብደት የሚያገኘው ከነሱ ነውና ለተጠያቂዎች በምትልኪው መጥሪያ ላይ እነሱንም ለይተሽ ጥቀሻቸው። መጥሪያው አጭር ይሁን፦

«ሰላም፤ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የውጭ አገር ተማሪዎች የማስረከቢያ ቀን እንዲራዘምላቸው ለመጠየቅ ወይም ላለመጠየቅ እንዴት እንደሚወስኑ ለኮርስ እያጠናሁ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ጠይቀህ ወይም ልትጠይቅ አስበህ ትተኸው ከሆነ ባነጋግርህ ደስ ይለኛል። 40 ደቂቃ ነው፤ በፈቃድህ ድምፅ ይቀዳል፤ ስምህ አይጻፍም፤ በማንኛውም ሰዓት ማቋረጥ ትችላለህ።»

በውጭ አገር ተማሪዎች ጽሕፈት ቤት ወይም በክፍል ተወካይ በኩል እንዲበተን ጠይቂ። መልስ ካልመጣ ከአምስት ቀን በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ አስታውሺ። ከዚያ በላይ ልመና ይሆናል።

ስለ ቋንቋሽ ያልሽው አሳዝኖኝም አሳስቆኝም ነበር። እዚህ ሥራ ላይ ቋንቋው እንደ ውኃ የሚፈስለት ሰው ብዙ ጊዜ ይጎዳል፤ እሱ ያወራል፣ ተጠያቂው ያዳምጣል። አንቺ ትንሽ ስለምታወሪ ብዙ ትሰሚያለሽ። ደግሞም «ምን ማለትህ ነው? በሌላ ቃል ንገረኝ» ብትይ ማንም አይቀየምሽም፤ ቋንቋው ለሁለታችሁም ሁለተኛ ሊሆን ስለሚችል። ያ ጥያቄ ከሁሉም ጥያቄ በላይ ፍሬ ያወጣል። ለማንኛውም ጥያቄዎችሽን እንደምትናገሪው አድርገሽ በአጫጭር ቃላት ጻፊና በወረቀት ያዢያቸው። ለ40 ደቂቃ ስድስት ወይም ሰባት ይበቃሉ። 15 ከያዝሽ የሕዝብ ቆጠራ ይመስላል።

ጥያቄ አጠያየቅ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙው የሚበላሸው እዚያ ነውና። «ማራዘሚያ መጠየቅ ያስፈራሃል?» ብትዪው «አዎ፣ ትንሽ» ብሎ ያቆማል፤ ፍርሃት የሚለውን ቃል አፉ ውስጥ ያስገባሽው አንቺ ነሽ። «ለምን አልጠየቅህም?» ብትዪው ደግሞ እንደተከሰሰ ሰው መከላከል ይጀምራል። በሱ ፈንታ «በጊዜው እንደማታደርስ የገባህን ዕለት እናስታውስ፤ የት ነበርክ? ምን እየሠራህ ነበር?» በዪው። ሰው ቦታውን ካስታወሰ ሌላው ይከተላል። ከዚያ በኋላ ያንቺ ሥራ መከተል ነው። አንድ ምሳሌ ላሳይሽ፦

«ኢሜይሉን ጻፍኩት፤ ግን ወዲያው አልላክሁትም።»
«ሳትልከው ምን ያህል ቆየ?»
«ሁለት ቀን መሰለኝ።»
«በነዚያ ሁለት ቀናት ኢሜይሉ ላይ የቀየርከው ነገር ነበር?»
«አዎ፣ አሞኝ ነበር የሚለውን አወጣሁት።»

እዚህ ላይ ዝም በዪ። በልብሽ እስከ አምስት ቁጠሪ። «ለምን አወጣኸው?» ለማለት ይበላሻል፤ ታገሺ። ብዙውን ጊዜ ራሱ ይቀጥላል፤ ካልቀጠለ «ያን ስታወጣ ምን አስበህ ነበር?» ትዪዋለሽ። «አሞኝ ነበር የሚለውን አወጣሁት» የምትለዋ አንዲት መስመር «የአእምሮ ጤና» ብለሽ ከምታገኚው ገጽ ሙሉ ወሬ ትበልጣለች።

ከእውነተኞቹ ስድስት በፊት አንድ ሰው ላይ ሞክሪው፤ እዚህ ላይ የቅርብ ጓደኛም ይሆናል። ሰዓት ያዢ። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ 25 ደቂቃ ካለፈ ሁለት ጥያቄ ጣይ። ተጠያቂው «እንዴት ማለት?» ያለበትን ሁሉ እንደገና ጻፊው።

ስለ ቅጂው አጠር አድርጌ ልንገርሽ። ስልክሽን በረራ ሁነታ (airplane mode) ላይ አድርጊው፤ በመሐል የሚገባ ጥሪ ቅጂውን ሊያቋርጠው ይችላል። ሁለተኛ መቅጃ ይኑርሽ። ካፌ ውስጥ አትቀመጪ፤ ለጆሮሽ ጸጥ ያለ የሚመስልሽ ቦታ ለመቅጃው የሲኒ ጋጋታ ነው። የቤተ መጻሕፍቱን የቡድን ክፍል አስይዢ። ብዙዎች የማያስቡት ደግሞ አለ፤ ስልክሽ የቀዳሽውን ሁሉ በራሱ ወደ ግል የኢንተርኔት ማከማቻሽ የሚልክ ከሆነ ያንን አጥፊው። ቅጂው መቀመጥ ያለበት ዩኒቨርሲቲው በሚሰጥሽ ማከማቻ ነው። የምትማሪበት አገር የአውሮፓ ኅብረት አባል ከሆነ ደግሞ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የግል መረጃ ጥበቃ ደንብ ይመለከትሻል፤ የሰው ድምፅም የግል መረጃ ነው። ማን «ተጠያቂ 3» እንደሆነ የሚናገረው ወረቀት ከጽሑፎቹ ጋር በአንድ ፋይል አይቀመጥ። ድምፅን በራሳቸው ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩ ፕሮግራሞችን ዩኒቨርሲቲው ከፈቀደ ተጠቀሚባቸው፤ ግን ከድምፁ ጋር እያስተያየሽ ማረም አይቀርልሽም፤ የውጭ ሰው አነጋገር ላይ በጣም ይስታሉ።

የፈቃድ ቅጹ መቅጃው ከመከፈቱ በፊት ይፈረም። «ሐሳብህን ከቀየርክ ታሪክህን አወጣዋለሁ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ እስከ የትኛው ቀን እንደሆነ ጻፊ፤ ትንተና ከምትጀምሪበት ቀን በፊት ያለ ቀን ይሁን። ሰው ሲያወራ ሆድ ቢብሰው መቅጃውን አቁሚ፤ «እንቀጥል ወይስ እንተወው?» ብለሽ ጠይቂ፤ የዩኒቨርሲቲውን የምክር አገልግሎት ስልክና ኢሜይል የያዘ ወረቀት አስቀድመሽ አዘጋጂ። ልታጽናኚው ትችያለሽ፣ ልታክሚው ግን አልሄድሽም። ያ ሰው ያንቺን ጓደኛ ካስታወሰሽ በተለይ ይህን አትርሺ።

ጊዜው እንዲህ ቢሆንልሽ ይበቃል። የመጀመሪያው ሳምንት ለርዕሱ ማጽደቂያ፣ ለቅጾቹና ለሙከራው ነው። ቀጥለው ባሉት ሦስት ሳምንታት በሳምንት ሁለት ሰው አነጋግሪ፤ እያንዳንዱን በሁለት ቀን ውስጥ ገልብጪ። ተጠራቅሞ ከቆየ ድምፁን ስትሰሚ ፊቱን አታስታውሺም፤ የሳቀው ሳቅ የምሬት ይሁን የደስታ ይጠፋብሻል። አምስተኛው ሳምንት ማንበብና ኮድ ማድረግ ነው፤ ማለትም ተመሳሳይ ሐሳብ ላላቸው ክፍሎች አጭር ስም እየሰጡ መለየት። እዚህ የሚሠራው ስሕተት የታወቀ ነው፤ ተማሪው የጠየቃቸውን ጥያቄዎች ርዕስ አድርጎ ከበታቻቸው መልስ ይደረድራል፤ «ስለ ኢሜይሉ»፣ «ስለ መምህሩ»። ያ ማውጫ ነው፤ ጭብጥ አይደለም። ጭብጥ ማለት «ሕመምን ከኢሜይል ማውጣት» የሚል ዓይነት ነው፤ ራሱ አንድ ነገር ይናገራል፤ ከሁለትና ከሦስት ሰው አፍም ይወጣል። ሁለት ወይም ሦስት ጭብጥ ለ4,000 ቃል ሙሉ ነው። የቀሩት ሁለት ሳምንታት የጽሑፍ ናቸው።

ለአድቫይዘርሽ ዛሬ የምትጽፊው ከአምስት መስመር አይበልጥ፤ «ምን ላድርግ?» የሚልም አይኑርበት። ጥያቄሽን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ እነማንን እንደምታነጋግሪና ስንት እንደሆኑ በአንድ፣ ስለ ጤና እንደማትጠይቂ በአንድ አስፍሪ። ከዚያ ሁለት ነገር ጠይቂያቸው፦ «ይህ በኮርሱ ፈቃድ ውስጥ ይሸፈናል? ከተሸፈነ በዚህ ሳምንት ሙከራውን ልጀምር?» በ«አዎ» ወይም በ«አይ» የሚመለስ ኢሜይል ቶሎ ይመለሳል። «አይ» ካሉሽ ተጠባባቂ ይኑርሽ፤ «የውጭ አገር ተማሪዎች በመምህር የቢሮ ሰዓት ለመጀመሪያ ጊዜ የሄዱበት ቀን» ተመሳሳይ መንገድ ይሄዳል፤ ሰዎቹም ጥያቄዎቹም እምብዛም አይቀየሩም።

ጓደኛሽን ግን ለጥናቱ አትደውዪላት። አስተያየቷን እንኳ አትጠይቂ። ዝም ብለሽ እንዴት ሆንሽ ብለሽ ደውዪላት፤ ካላነሳች አንድ መስመር ጻፊላት፤ መልስ ባይመጣም ከሳምንት በኋላ ሌላ መስመር። ስትሄድ አልተሰነባበታችሁም ይሆን? ደብዳቤሽ ውስጥ ስለሱ ምንም አላልሽም።